ቋንቋን አገሩ ያደረገ ገጣሚ፦ ዩልያን ቱቪም

ዩልያን ቱቪምን ያወቅሁት ስሙን ከመስማቴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በባቡር ድምፅ ነው። ልጆች ሳለን አጎቴ ቤታችን በመጡ ቁጥር እኔንና እህቴን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡንና በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር መድገም ይጀምራሉ። መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ከባድ ሸክም እንደተሸከመ ሰው እያቃሰቱ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ይላሉ። ከዚያ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በመጨረሻ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይበርራሉ፤ እኛም ላያቸው ላይ እየዘለልን በሳቅ እንፈርሳለን። ከቃላቱ አንዱንም አናውቅም ነበር። ባቡር መሆኑን ግን ማንም ሳይነግረን አውቀናል።

አጎቴ በደርግ ዘመን በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ፖላንድ ከተላኩ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ መማሪያ ነበር። ለውጭ አገር ተማሪዎች ፖላንድኛ የሚያስተምረው ተቋም ያለው ደግሞ ዉች በምትባል ከተማ ነው። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት፣ ሲነበብ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ሎድዝ ይላታል። ትርጉሙ ጀልባ ማለት ነው። አጎቴ ይህ ነው የሚባል ወንዝ የሌላት ጀልባ እያሉ ይቀልዱባታል። ያን የባቡር ግጥም ያስጠኗቸው እዚያ ነበር፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ምላስ የማይመቹትን የፖላንድኛ ድምፆች ለማለማመድ።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ታሪክ ወረቀት ሳዘጋጅ ስሙን አገኘሁት። ግጥሙ “ሎኮሞቲቫ” ይባላል፤ ገጣሚው ዩልያን ቱቪም። የተወለደውም አጎቴ በተማሩባት በዚያችው ከተማ ነው። ለአንድ ኮርስ ብዬ የጀመርኩት ንባብ ከኮርሱ አልፎ ሄደ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ከታች የሚታዩት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቱቪም የተወለደው መስከረም 13 ቀን 1894 ነው። ያኔ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ከመቶ ዓመት በፊት ተከፋፍለዋት፣ ዉች ያኔ በሩሲያው ዛር ሥር ነበረች። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ ፖላንዳዊው፣ ጀርመኑ፣ አይሁዳዊውና ሩሲያዊው በጢስ ማውጫዎቹ ሥር አብረው ይኖሩባታል። አባቱ ኢዚዶር የባንክ ሠራተኛ፣ እናቱ አዴላ ደግሞ ግጥም የምትወድ ሴት ነበረች። ሁለቱም አይሁዳውያን ናቸው፤ በቤት የሚነገረው ግን ፖላንድኛ ነበር። ትምህርት ቤት የሚማረው ደግሞ በገዢዎቹ ቋንቋ፣ በሩሲያኛ። እንግዲህ ልጁ በዘር አይሁዳዊ፣ በቤት ፖላንዳዊ፣ በትምህርት ቤት ሩሲያዊ ሆኖ አደገ ማለት ነው። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ማንነታችሁን ለመግለጽ ከቅጹ ላይ አንዷን ሳጥን ብቻ ምረጡ የተባላችሁ ሁሉ ነገሩ የሚገባችሁ ይመስለኛል።

በግራ ጉንጩ ላይ በአገራችን ማርያም ሳመችው የምንለው ዓይነት ትልቅ ምልክት ነበረው። እኛ በረከት አድርገን የምንጠራው ነገር ለእሱ የልጅነት ሰቀቀን ነበር፤ ካደገም በኋላ ፎቶ ሲነሳ ቀኝ ጉንጩን መስጠት ይመርጥ ነበር። ሰፊ አደባባይም ያስፈራው ነበር። በትምህርቱ ሰነፍ የሚባል ዓይነት ሆነ፤ ሒሳብ አስቸግሮት አንድ ክፍል ደግሟል። ቤት ውስጥ እባብና እንሽላሊት ያረባል፣ ኬሚካል እየቀላቀለ ያፈነዳል። ቃላት ሲያገኝ ግን እንደ ሌላ ልጅ ቴምብር ይሰበስባቸዋል። ገና ተማሪ ሳለ ኤስፔራንቶ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ተምሮ የፖላንድ ግጥሞችን ወደዚያ ቋንቋ ይመልስ ነበር።

የመጀመሪያ ግጥሙ የታተመው በ1913 በአንድ የዋርሶ ጋዜጣ ላይ ነው። ከግጥሙ በታች የሰፈሩት የስም ፊደላት ግን የእሱ አልነበሩም፤ የወደዳት የዉች ልጅ የስቴፋንያ ነበሩ። በ1919 ተጋቡ። እስከ ዕለተ ሞቱም አልተለያዩም።

በ1916 ሕግና ፍልስፍና ሊማር ወደ ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዲግሪ አልያዘም። ትክክለኛው ትምህርት ቤቱ የተማሪዎች መጽሔት ሆነ። ይህን የምናነበውን ዓይነት መጽሔት ማለቴ ነው፤ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት። በ1918 በዚያ መጽሔት ላይ “ጸደይ” የተሰኘ ግጥም አወጣ። የጸደይን ወር በአበባና በወፍ ፋንታ በከተማ ሕዝብ ግፊያ፣ በላብና በሥጋ ፍትወት ስለሳለው ታላቅ ቁጣ ተነሳ፤ ጋዜጦች ነውር ነው ብለው ዘመቱበት። የ23 ዓመት ልጅ በአንድ ግጥም በመላው ከተማ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፖላንድ ከ123 ዓመት በኋላ ነፃ አገር ሆነች። ኅዳር 29 ቀን ቱቪምና ጓደኞቹ ዋርሶ ውስጥ “ፒካዶር” የተባለ የገጣሚዎች ካፌ ከፈቱ። ቡና እየጠጣችሁ ገጣሚው ራሱ ቆሞ ሲያነብ ትሰማላችሁ። አንቶኒ ስሎኒምስኪ፣ ያን ሌኾን፣ ያሮስላቭ ኢቫሽኪዬቪችና ካዚሜዥ ቪዬዢንስኪ አብረውት ነበሩ። በ1920 አምስቱም “ስካማንደር” በተባለ መጽሔት ዙሪያ ተሰባሰቡ፤ በዚያም ስም ታወቁ። ከእነሱ በፊት የነበረው የፖላንድ ገጣሚ ትከሻው ላይ አገር ተሸክሞ ነበር፤ አገር ሳይኖር ግጥም ስለ አገር ማልቀስ ነበረበት። አሁን አገር ተገኘ። ስለዚህ ልጆቹ ስለ ፀጉር አስተካካይ፣ ስለ ትራም፣ ስለ ፋርማሲ፣ ስለ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጻፍ እንችላለን አሉ። ቱቪም የመንገድ ላይ ወሬ ወደ ግጥም ሲያስገባ ቃላቱን አላጠበም፤ እንደተገኙ አስገባቸው።

ኑሮውን የሚገፋው ግን በመድረክ ሥራ ነበር። “ክዊ ፕሮ ክዎ” ለተባለው የዋርሶ የምሽት የዘፈንና የቀልድ ቤት በብዙ የብዕር ስሞች ዘፈንና ጭውውት ይጽፍ ነበር። በ1933 ለአንድ ፊልም ጽፎት ሃንካ ኦርዶኑቭና የዘፈነችው የፍቅር ዘፈን ዛሬም ይዘፈናል። ከዚህ ጎን ለጎን ስለ ጥንቆላና ስለ ሰይጣን የቆዩ መጻሕፍትን ያጠራቅማል። ፖላንዳዊ ሰክሮ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ሰብስቦ በ1935 የሰካራሞች መዝገበ ቃላት አሳትሟል። በሩሲያኛ እየተገደደ የተማረው ልጅ በገዢው ላይ ያለውን ቂም ወደ ቋንቋው አላሻገረም። ብዙዎቻችን በቅድመ አያቱ በሃኒባል በኩል የእኛም ነው የምንለውን ፑሽኪንን ወደ ፖላንድኛ የመለሰው እሱ ነው፤ ትርጉሞቹም ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዝና ሲመጣ ጥያቄው አብሮ መጣ፦ ለመሆኑ ይህ ሰው የማን ነው?

የፖላንድ ብሔርተኞች መልስ ነበራቸው። አይሁዳዊ ምንም ያህል ፖላንድኛ ቢያውቅ ቋንቋው የእሱ አይሆንም፤ ተበድሮት ነው፣ እያበላሸው ነው አሉ። ሕዝቡ በየመንገዱ ዘፈኑን እያንጎራጎረ፣ ጋዜጦቻቸው የዘፈኑን ደራሲ ባዕድ ይሉት ነበር። በ1929 ተራው ሰው በትላልቆቹ ጥቅም ወደ ጦርነት እንዳይነዳ የሚያስጠነቅቅ ግጥም ሲያወጣ ከሃዲ ተባለ። በሌላ በኩል የይዲሽ ቋንቋ ጸሐፊዎችና የአይሁድ ብሔርተኞች ወገንህን ትተህ ለማይወዱህ ሰዎች ትዘፍናለህ ብለው ይወቅሱት ነበር። ከሁለት ያጣ የምንለው ዓይነት ነገር ነው። የእሱ መልስ በአጭሩ፣ አገሬ ቋንቋዬ ነው የሚል ነበር። በፖላንድኛ አስባለሁ፣ በፖላንድኛ አልማለሁ፣ ከዚያ ማንም ሊያስወጣኝ አይችልም ይላል። ፈቃድ አልጠየቀም። እንዲህ ነኝ አለ እንጂ ልሁን ወይ አላለም።

ጊዜው ግን እየከፋ ሄደ። ከ1937 ጀምሮ በፖላንድ ዩኒቨርሲቲዎች አይሁዳውያን ተማሪዎች በክፍሉ በግራ በኩል በተለየላቸው ወንበር ብቻ እንዲቀመጡ ተደረገ። ብዙዎቹ አንቀመጥም ብለው ትምህርቱን ቆመው ተከታተሉ። ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ወጣ ማለት ነበረብኝ። ቱቪም በእነዚያ ዓመታት በአምባገነኖችና በአጫፋሪዎቻቸው ላይ የሚሳለቅ “የኦፔራ ቤቱ ዳንስ” የተባለ ረጅም ግጥም ጻፈ፤ ሳንሱሩ ስለማያሳልፈው በሙሉ ሳይታተም ቆየ።

በዚያው ሰሞን ለልጆች መጻፍ ጀመረ። “ሎኮሞቲቫ” በመጽሐፍ የወጣው በ1938 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ከባድ የባቡር ራስ ጣቢያ ላይ ቆሞ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ከኋላው 40 ያህል ፉርጎዎች ተቀጥለዋል፤ በአንዱ ከብት፣ በሌላው ወፍራም ሰዎች፣ በሌላው ፒያኖ፣ ዝሆንና ቀጭኔ ሳይቀር ተጭኗል። ከዚያ ይነሳል። ዋናው ነገር አነሳሱ ነው። ቃላቱ መጀመሪያ ይጎተታሉ፣ ከዚያ ይንከባለላሉ፣ ከዚያ ሐዲዱን ይመታሉ። ፖላንድኛ የማይሰማ ልጅ እንኳ አይሳሳትም፤ እኔና እህቴ ምስክር ነን። ባዕድ ነህ የተባለው ሰው የፖላንድ ልጅ ሁሉ አፉን የሚፈታበትን ግጥም ሰጠ። እህቱ ኢሬናም በዚያው ዓመት ዊኒ ዘ ፑን ወደ ፖላንድኛ መለሰችው፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ድቡን የሚያውቁት እሷ ባወጣችለት ስም ነው።

እዚህ ላይ ለመዝለል የፈለግሁት ነገር አለ፤ ግን ብዘለው ልክ አይሆንም። ቱቪም በ1930ዎቹ አጋማሽ ባምቦ ስለሚባል ጥቁር ሕፃን አጭር የልጆች ግጥም ጽፏል። ባምቦ አፍሪካ ውስጥ ይኖራል፣ ትምህርቱን ያጠናል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ገላዬን ከታጠብኩ እነጣለሁ ብሎ መታጠብ ይፈራል። ገጣሚው ያሰበው በጎ ነበር፤ ግጥሙ የሚያበቃው ልጁ ከፖላንድ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት አለመማሩ ያሳዝናል በሚል ስሜት ነው። ይሁን እንጂ አፍሪካን አይቶ አያውቅም፤ የሳለው ልጅም ከሥዕል መጽሐፍ የወጣ ልጅ ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሕፃን ስለ እኛ የሚያውቀው እንዲህ ያለውን ነበር። ግጥሙ ለብዙ አሥርት ዓመታት በፖላንድ ትምህርት ቤቶች ሲነበብ ኖረ፤ ዛሬ ይነበብ አይነበብ የሚለው ክርክር ሆኗል።

ለአጎቴ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ዉች ውስጥ ትራም ሲጠብቁ ሕፃናት ባምቦ እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ነገሩኝ። አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ በንቀት፤ ከድምፁ ይታወቃል አሉ። ታዲያ የዚያን ሰው ግጥም እንዴት ለእኛ ያነቡልን ነበር ብዬ ስቆጣ፣ ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው መሆኑን ያኔም እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ሰው የራሱ ቁስል የሌላውን ሁልጊዜ አያሳየውም አሉኝ። ዛሬም ግጥሙን አልወደውም። አባባላቸውን ግን ያዝኩት።

መስከረም 1939 ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ቱቪም በሩማንያ አድርጎ ፈረንሳይ ገባ። ፓሪስ ስትወድቅ በፖርቱጋል በኩል ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ በ1941 ደግሞ ኒው ዮርክ ደረሰ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ባሕር ዳር ተቀምጦ “የፖላንድ አበቦች” የተባለውን በሺህ የሚቆጠር ስንኝ ያለው ግጥም ጀመረ፤ የሚያየው የብራዚልን ውቅያኖስ፣ የሚጽፈው የዉችን ጭቃና ሊላ አበባ ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው የሚሠራውን ሠራ፦ ቤቱን ከትዝታ መልሶ ገነባ። አባቱ ከጦርነቱ በፊት በ1935 ሞተዋል። እናቱ ግን በሕመም ምክንያት ከዋርሶ አቅራቢያ በምትገኘው በኦትቮትስክ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ነበሩ፤ አብረውት አልወጡም።

ሚያዝያ 1943 በዋርሶ ጌቶ የተዘጋባቸው አይሁዳውያን በናዚዎች ላይ መሣሪያ አነሱ፤ ጌቶውም ተቃጠለ። አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ሚያዝያ 1944፣ ቱቪም ኒው ዮርክ ሆኖ “እኛ የፖላንድ አይሁዶች” የተባለ ጽሑፍ አወጣ። ዕድሜውን በሙሉ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ምረጥ ሲባል የኖረ ሰው እዚያ ላይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መረጠ። ፖላንዳዊ ነኝ፣ ምክንያቱም እንዲያ ስለሚሰማኝ፤ ለማንም ማስረጃ አላቀርብም ይላል። አይሁዳዊም ነኝ፤ ግን ዘረኞች በሚቆጥሩት፣ በደም ሥር በሚሮጠው ደም አይደለም። ወገንነቴ ከተገደሉት ሰዎች በፈሰሰው ደም ነው ይላል። ጽሑፉን መታሰቢያ ያደረገው ለእናቱ ነው፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ። አዴላ ቱቪም ግን ነሐሴ 1942፣ ጀርመኖች የኦትቮትስክን አይሁዳውያን በጨረሱበት ጊዜ ተገድለው ነበር። ልጃቸው ያን ሲጽፍ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም።

በ1946 ወደ ፖላንድ ተመለሰ። ብዙ ወዳጆቹ አልተመለሱም፤ ሌኾንማ በሶቪየት ኅብረት ላይ ባለው አቋም ምክንያት ገና ኒው ዮርክ ሳሉ ከእሱ ጋር መነጋገር አቁሟል። ቱቪም የናዚዎችን ጥላቻ ያሸነፈ ሁሉ ወዳጁ መስሎት አዲሱን የኮሚኒስት መንግሥት ደገፈ። መንግሥቱም አከበረው፤ እሱም የሚያወድስ ስንኝ ከፈለ። ከተመለሰ በኋላ ጥሩ ግጥም የጻፈው ጥቂት ነው። ይህን ለመሸፈን አልሞክርም። ሞት የተፈረደባቸው ወጣቶች እንዲማሩ በክብሩ ተጠቅሞ ፕሬዚዳንት ቢዬሩትን መለመኑንም አብሬ አስቀምጣለሁ። እሱና ስቴፋንያ አንዲት ወላጅ አልባ ሕፃን በጉዲፈቻ አሳደጉ። የእናቱን አፅም አስፈልጎ ወደ ዉች፣ ወደ አይሁዳውያን መካነ መቃብር አመጣው፤ ስለዚያ መቃብርም በ1949 ግጥም ጻፈ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1953 ዛኮፓኔ በምትባል የተራራ ከተማ በ59 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ዋርሶ ነው።

ከ1999 ጀምሮ በዉች ዋና ጎዳና፣ በፒዮትርኮቭስካ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ የነሐስ ቱቪም አለ። አላፊ አግዳሚው ለዕድል አፍንጫውን ስለሚያሻሸው አፍንጫው እንደ ወርቅ ያበራል ይባላል። የፖላንድ ፓርላማ 2013ን የቱቪም ዓመት ብሎ ሰየመው። ባዕድ ነው የተባለው ሰው የከተማው መቀጣጠሪያ ሆነ።

ምክንያቴን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። እዚህ አገር የመጣሁት በስድስት ዓመቴ ነው። አማርኛዬን የያዝኩት ከእናቴ፣ ከአጎቴና ከቅዳሜ ትምህርት ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ዝግጅት ላይ በአማርኛ ንግግር ሳደርግ አንድ ሰው ከኋላ የፈረንጅ አማርኛ ነው ብሎ አሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት በአማርኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ለዚህ መጽሔትም ሁልጊዜ የምልከው በእንግሊዝኛ ነበር። የቱቪምን ሕይወት ሳነብ የተረዳሁት፣ ቋንቋ የሚገባው ለሚሠራበት ሰው እንጂ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ለሚጠይቀው እንዳልሆነ ነው። እሱ የሳቁበትን ሰዎች ተከራክሮ አላሸነፋቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ባቡሩን በቃላቸው ይዘውታል።

ይህ በአማርኛ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። ከመላኬ በፊት በስልክ ለአጎቴ አነበብኩላቸው፤ ሦስት ቦታ አረሙኝ። ስጨርስ ባቡሩን እንዲያስነሱልኝ ለመንኳቸው። በቀስታ ጀመሩ። ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሊፈጥኑ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸውና ሳል መጣባቸው፤ ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ።